ነፋስን ሎሌዬ ያለ ገበሬ

ጠጋ በሉ ልጆች። ተረት ላውርስ፣ ጆሮ ላለው ይድረስ።

በድሮ ዘመን፣ ነፋስ በሚበረታበት ተረተር ላይ፣ ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያሏት ሁለት ልጆች፣ ጥቂት ፍየሎችና አንድ አውድማ ጤፍ ብቻ። ያቺ ጤፍ ከጠፋች ክረምቱን የሚሻገሩበት የለም። ጎረቤቷ አያ ጎሹ ግን ባለ ብዙ ክምር ነው። ወይፈን በቀንዱ ይዞ የሚጥል ጉልበተኛም ነው።

በዚያ አገር ምርቱን ከገለባው የሚለየው ነፋስ ነው። ገበሬው ይወቃል፣ ነፋስ ይጠብቃል፣ ሲነፍስለት በመንሽ ወደ ላይ እየበተነ ያዘራል። አያ ጎሹ ለስላሳውን ነፋስ ናቀው።

«ብርቱው ይምጣ! ሁሉንም በአንድ ቀን ያዘራልኛል። ነፋስ እንደሆነ ሎሌዬ ነው።»

ደብሪቱ ግን ባገኘችው ነፋስ ትንሽ ትንሽ አዘራች።

አንድ ቀን ወፎች ከዛፍ ጫፍ ወርደው ቁጥቋጦ ውስጥ ሲወሸቁ አየች።

«አያ ጎሹ፣ ወፎቹ ወረዱ። ምርትዎን ይክተቱ።»

«ወፍ አማካሪ ሆነችሽ?» ብሎ ሳቀባት።

እሷ ጤፏን ጎተራ ከተተች።

በማግስቱ ፍየሎቿ ከበረት አንወጣም አሉ።

«አያ ጎሹ፣ ፍየሎቹ እንቢ አሉ። ክዳንዎን ያጥብቁ።»

«ደግሞ ከፍየል መከርሽ? የኔ ምሰሶ እኮ ወይራ ነው!»

እሷ የሣር ክዳኗን በጠፍር አሰረች፤ በየጫፉም ድንጋይ አንጠለጠለች።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ በአቧራ ቀላ።

«አያ ጎሹ፣ እሳት ያጥፉ። ከአውድማዎ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ይራቁ።»

«ኧረ አንቺስ ከነፋሱ ብሰሻል! አንዴ እንኳ አታርፊም!»

እሷ እሳቷን አመድ አልብሳ አጠፋች፤ ልጆቿን አስገብታ በሯን ቀረቀረች።

ነፋሱ መጣ። ሎሌ ሆኖ አልመጣም፤ ጌታ ሆኖ መጣ። ምርቱን ከገለባው አልለየም፤ ሁለቱንም ይዞ ሄደ። አያ ጎሹ ሮጦ ከውሃ መውረጃው ቦይ አለፍ ብሎ ያለውን ያንን ዋርካ በሁለት እጁ አቀፈ።

ደብሪቱ በግድግዳው ስንጥቅ አየችው። ዋርካው ሲንቋቋም ሰማች። ይሽሹ ብትለው አይሸሽም፤ ሦስት ቀን ሙሉ መቼ ሰማትና! እንግዲህ ምን ታድርግ? ልቡ ያለበትን ታውቃለች።

«አያ ጎሹ! ጤፍዎ ቦዩ ውስጥ ተከማችቷል! ሰው ሳይቀድምዎ!» ብላ ጮኸች።

ነፋሱ ወደ እሱ ይነፍስ ነበርና ድምጿ ደረሰው። ዋርካውን ለቆ ዘሎ ቦዩ ውስጥ ገባ። በደረቱ ተኝቶ አፈሩን ሲዝቅ፣ ዋርካው ተገንድሶ እሱ ቆሞበት በነበረው በኩል ወደቀ።

ነፋሱ ሲያልፍ አያ ጎሹ አፈር መስሎ ብቅ አለ።

«ደብሪቱ! ቦዩ ውስጥ አንዲት ፍሬ ጤፍ የለም!»

«የለም፣ አያ ጎሹ። እርስዎ ግን አሉ።»

በዚያ ዓመት ወይፈን ጣዩ ሰው አቁማዳ ይዞ ከደብሪቱ ደጅ ቆመ። እሷም ሰፍራ ሰጠችው። የመንደሩ ሰው ግን አልማረውም፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር፣ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» እያለ ተረተበት።

እኔ ተረቴን ከተትኩ፤ እናንተም ክዳናችሁን አጥብቁ።