ዝሆን የተረታበት ቀን

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይስማበት።

በአንዲት ትንሽ የእንስሳት መንደር መንገዱን ሁሉ የሚቀይስ አንድ ዝሆን ነበር። ምክር በተጠየቁ ቁጥር የእንስሳቱ መልስ «አባባ ዝሆን ያሉት ይሁን» ነው። እያረጀ ሲሄድ ግን «እኔ ስሞት እነዚህ በየት ሊያልፉ ነው?» እያለ ይብሰለሰል ጀመር። ስለዚህ ለሸንጎው አዲስ ሥርዓት አወጣ፤ ከእንግዲህ ዋርካው ሥር ትንሹ ቀድሞ፣ ትልቁ መጨረሻ ይናገራል።

መጀመሪያ ሰሞን ጉንዳን ብድግ ትልና «አባባ ያሉት ይሁን» ብላ ትቀመጥ ነበር።

«እኔ እኮ ገና ምንም አላልኩም» ይላታል ዝሆን።

አንድ ዓመት ጎርፍ የወንዙን መንገድ ጠርጎ ወሰደውና ሌላ ማውጣት ግድ ሆነ።

«በጉብታው ላይ ይዙር» አለች ጉንዳን።

«ቁፋሮው የኔ ነው» አለ ጃርት።

ዝሆን በመጨረሻ ተነሳና «በሸለቆው በኩል ያጥራል» አለ።

«አባባ፣ ማጠሩስ ያጥራል፤ ክረምት ግን አያሻግረንም» አለች ጉንዳን። ሸንጎውም ከጉንዳን ጋር ቆመ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ጉንዳን ረታችህ አሉ» ብላ አዘነችለት።

«አዎ፣ ረታችኝ!» አለ ጆሮውን እያራገበ። «ያስተማርኳት እኮ እኔ ነኝ!»

ተረቴ አለቀ፤ አሁን ከመካከላችሁ ትንሹ ይናገር።