ቀስ ያለችው «በቃ»

ተረት ተረት! «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው ከላሟ አንጀት ውስጥ ነው።

ድሮ በአንጀቷ ግድግዳ ላይ አባ ዳሰሴ የሚባሉ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ። ያለፈ ያገደመውን ሁሉ በእጃቸው ይዳስሳሉ። እጃቸው ተውሳክ ሲነካ «ጠላት ገባ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ነጫጭ ወታደሮች እሳት ይዘው ይደርሳሉ። ጠላት ሲያልቅ ደግሞ አመዱን ዳስሰው፣ ቀስ ብለው «በቃ፣ ልጆቼ» ይላሉ። እሳቱ ይጠፋል።

አባ ዳሰሴ ሲሞቱ አልቃሾቹ ሁሉ ያሞገሱት ያን ጩኸታቸውን ነበር። ተተኪው ዘበኛም ሥራውን የተማረው ከዚያ ልቅሶ ነው።

አንድ ክረምት ተውሳክ ከኩሬ ውኃ ጋር ገባ። አዲሱ ዘበኛ ጮኸ፤ ወታደሮቹ ደረሱ፤ ጠላት በአንድ ቀን አለቀ። ዘበኛው ግን መጮኹን፣ ወታደሮቹም ማቃጠሉን ቀጠሉ።

«ልጆቼ፣ አሁን የምታቃጥሉት እኮ እኔን ነው» አለች ግድግዳዋ እየደማች።

«እናውቃለን፣ እማማ» አለ አንዱ ወታደር እያለቀሰ። «ዘበኛ እየጮኸ ግን እሳት አይጠፋም።»

ግድግዳዋ ተነፈሰች። «ወይ አባ ዳሰሴ! ያቺ መጨረሻ ላይ የሚሏት ቃል ናፈቀችኝ።»

ዘበኛው ዞር አለ። «ሌላ ቃልም ነበራቸው እንዴ?»

ተረቴን መልሱ፤ ስትመልሱ ግን ቀስ ብላችሁ።