የአያ ጫኔ ጀልባና የበኩሩ ክርስትና

በጣና ዳር ሰው ለትዳር ወይም ለሽርክና ሲቻኮል ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አባባል አለች። ዝም ብላ ከሰማይ የወረደች አይደለችም፤ የአንድ አሮጌ ሞተር ማርሽ ያመጣት ናት።

እማማ አንጓች ደሴት ላይ የሚኖሩ ሴት ናቸው። የልጃቸው የዘርፌ በኩር አርባ ቀን የሞላው ዕለት ከማለዳ ጀምሮ መቀመጫ አጡ። በኩር የሚጠመቀው በአባቱ ደብር ነው፤ የአባቱ ደብር ደግሞ ከሐይቁ ማዶ ነው። ቀኑ እንዳያልፍ ይሠጋሉ፣ ውኃውን ይፈራሉ፣ ንፋሱን ይፈራሉ። ሕፃኑን በነጠላ ላይ ነጠላ ደርበውለት፣ ታቅፈው ወደ ዳር ወረዱ።

ባለጀልባው አያ ጫኔ ሞተሩን ሲያሰናዳ የማርሹ እጀታ ቢገፋ ቢጎተት አልሰማ አለው። ከፍቶ ቢያይ፣ እጀታውን ከታች ካለው ዘንግ ጋር የምታያይዘው ሚስማር አልቃ ወድቃለች። ማርሹ ወደፊት እንደገባ ቀርቷል፤ ወደ መሐልም ወደ ኋላም አይመለስም፤ ጀልባ ደግሞ የምትገታው በኋላ ማርሽ ነው። ላብጀው ብሎ መፍቻውን ሲያነሳ የክርስትና አባት የሚሆነው ፈንታሁን ከለከለው። ፈንታሁን ከማዶ መጥቶ በእንግድነት ያደረ፣ አፉ ከሐሳቡ የሚቀድም ሰው ነው።

«ወደፊት ትሄዳለች አይደል? እኛስ ወዴት ልንሄድ ኖሯል?» አለ። «ስንደርስ ሞተሩን አጥፍተን ዳር የበቀለው ደንገል ላይ መሰካት ነው። አባቶቻችን በደንገል ታንኳ ሲመጡ በምን ይቆሙ ነበር?»

የቆመው ሁሉ ሳቀ፤ እውነት መሰለው። የታንኳ ልጆች ናቸውና መቆም ማለት ለእነሱ ደንገል ውስጥ መግባት ነው። እማማ አንጓች ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዘርፌ ቀኑ ሊያልፍ ነው ብላ አለቀሰች፣ ዘመድ ተቆጣ፣ አንዱም «ፈሪ አሮጊት» ሲል ሰሙት። አልተነሡም።

«ፈሪ በሉኝ» አሉ። «መጀመሪያ ባዶዋን ወስዳችሁ እዚያ ደንገሉ ላይ አቁሟትና ልይ።»

ፈንታሁን እየሳቀ፣ ለእናትና ለሕፃን በተነጠፈው የፊት መቀመጫ ላይ ጉብ አለ። ጀልባዋ ዞራ ወደ ደንገሉ ገሰገሰች። አያ ጫኔ ሞተሩን በጊዜ አጠፋ፤ ግን ታንኳ ቀላል ናት፣ ይህች ደግሞ የእንጨት ጀልባ። ደንገሉን ደፍጥጣ አልፋ ከተደበቀ ጉቶ ጋር ስትላተም፣ ፈንታሁን ተስፈንጥሮ በአፍጢሙ ጭቃው ላይ ተደፋ።

ክፉ አልነካውም፣ ተመስገን። ጭቃውን ከዓይኑ ጠርጎ ለእናትና ለሕፃን የተነጠፈውን ያን ባዶ ንጣፍ አየ። ከዚያ መጥቶ የእማማ አንጓችን ጉልበት ሳመ።

አሁን የሚያስቸኩል ጠፋ። አያ ጫኔ ወፍራም ሚስማር ቆርጦ በሞረድ አለሰለሰ፣ በቀዳዳው አሳልፎ ጫፉን ቆለመመ። ዘንጉን የያዘለት ፈንታሁን ራሱ ነው። ወደፊት፣ ወደ መሐል፣ ወደ ኋላ፤ እማማ አንጓች በቃኝ እስኪሉ ድረስ አስሞከሩት።

ማዶ ሲደርሱ ፈንታሁን ያሰበው ደንገል የለም፤ ወደቡ ድንጋይ ነው፣ ንፋሱም ከኋላ ይገፋል። አያ ጫኔ የኋላውን ማርሽ ሲያስገባ ጀልባዋ እንደተገራ በቅሎ ቀጥ አለች፤ ሕፃኑ ከእንቅልፉ እንኳ አልነቃም።

ጥምቀቱም ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ፈንታሁን የክርስትና ልጁን ታቅፎ የሆነውን ሁሉ ለደብሩ ሽማግሌ ለአባ ውብእሸት ሳይደብቅ ተናገረ። «እኒህ እናት ባይፈሩልን ኖሮ ዛሬ ይህን ልጅ አልታቀፍም ነበር» አለ። እማማ አንጓች አምላካቸውን እያመሰገኑ የሕፃኑን እግር ይሸፍናሉ። አባ ሕፃኑን ባረኩና ወደ ፈንታሁን ዞረው፣ «እንግዲህ ልጄ፣ መሄዷን ተወው፤ መቆሟን አይተህ ተሳፈር» አሉት።