ግድግዳው አልነሳም ያለ ዕለት

በአንድ ወቅት፣ በአሜሪካ አገር ባለች የብረት ማቅለጫ ከተማ፣ ኦቲስ የሚባል የግድግዳ አሰልጣኝ ነበር። የድንጋይ ግድግዳ እንዳይመስላችሁ፤ የሰው ነው። የነሱ ኳስ እንደ እንቁላል ሞላላ ናት። በእጅ እየያዟት ለምን እግር ኳስ እንደሚሏት እነሱ ይወቁት! ጨዋታው አንድ ወርዋሪ አለው፤ ተጋጣሚው ደግሞ ያን ወርዋሪ ጥሎ ለመከስከስ እንደ ጎርፍ ይመጣል። ጎርፉን የሚያቆሙት ከፊቱ የሚሰለፉ አምስት ግዙፎች ናቸው። ግድግዳ የምላችሁ እነሱን ነው። ሲሳካላቸው ስማቸውን የሚያነሳ የለም፤ ወርዋሪው ሲወድቅ ግን እናታቸው ሳትቀር ትሰደባለች።

ኦቲስ በወጣትነቱ ራሱ ግድግዳ ነበር። ያኔ ዋንጫ ሲበሉ የተሸለመውን የወርቅ ቀለበት ከጣቱ አውልቆት አያውቅም። ትምህርቱ አሰልቺ ነበር። አምስቱን ጎረምሶች በወገባቸው በአንድ ገመድ አስሮ ያስኬዳቸዋል፤ አንዱ ከቀደመ ሁሉም ይወድቃሉ። «እጅህን መሬት አስነካ! ከታች የመጣ ነው የሚገፋ!» እያለ ይጮህባቸዋል። በደንብ ሳይበስል ማንንም ሜዳ አያስገባም።

ከዚያ ሃርላን የሚባል ባለጸጋ ቡድኑን ገዛና አንድ ልጁን ኮልቢን ወርዋሪ አደረገው። ልጁስ አይታማም፣ ጎበዝ ነው። አባትየው ነው ጉዱ! «ሕዝቡ የሚመጣው ልጄ ሲወረውር ሊያይ ነው፤ እነዚህን የሥጋ ክምሮች ማን ያያል?» ብሎ ልምምዱን አሳጠረ፣ ገመዱን አስጣለ፣ ቁመትና ክብደት ብቻ አይቶ ጎረምሳ ሰበሰበ። ቀጥ ብለው ቆመው መጫወት የለመዱ፣ እጃቸው ሣር ነክቶ የማያውቅ! በሽታው የሱ ቡድን ብቻም አልነበረም። ያኔ በየቡድኑ ግድግዳው ሳስቶ፣ በየሳምንቱ አንድ ወርዋሪ በቃሬዛ ይወጣ ነበር።

ኦቲስ አላስቻለውም። «ጌታዬ፣ እነዚህ ሳይማሩ ከገቡ ልጅዎን ያስገድሉታል» አለው፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ ባሉበት።

ሃርላን ሳቀ። «ግድግዳ ይማራል እንዴ?» አለና እዚያው አባረረው።

ሽማግሌ ሰው! እዚያው ቡድን ውስጥ ባሉት በሦስቱ የገዛ ልጆቹ ፊት! ኦቲስ ቤቱ ገብቶ አልጋ ያዘ። ሦስቱን ወንዶች ልጆቹን ጠርቶ «ይህ ቀለበት ደሜን ለመለሰልኝ ነው» አላቸው። ሚስቱ ሎሬታ «ኧረ ተው፣ በልጆችህ መሃል እሳት አትጫር» ብትለው ፊቱን አዞረባት። ብዙም ሳይቆይ ልሳኑ ተዘጋ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ልጆቹም አልረሱም።

ትልቁ ዴልማር የአባቱ ረዳት አሰልጣኝ ነበር። ጓዙን ጠቅልሎ ለባላንጣው ቡድን ገባና ወርዋሪ የሚጥሉትን ጎረምሶች ሰበሰበ። «የሃርላን ግድግዳ እያንዳንዱ ፊቱ ያለውን ሰው ብቻ ነው የሚያየው» አላቸው። «ሁለት ሁለት ሆናችሁ እየሮጣችሁ ቦታ ተለዋወጡበት። የሚመጣበትን ሰው አንዱ ለሌላው ማስረከብ አያውቅም።» በፍጻሜው ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች ተገናኙ፤ ዴልማር ያለው ሁሉ ሆነ። ግድግዳው በቀኝ በኩል እየተቀደደ ኮልቢ ሣር ላይ ተንከባለለ። ተመልካቹ መጀመሪያ አጉረመረመ። ቀጥሎ አንድ ሰው «ኦቲስ የት አለ?» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ስታዲየሙ በሙሉ «ኦቲስ! ኦቲስ!» አለ። ሃርላን ክቡር ትሪቡን ላይ የሚገባበት ጠፋው። እሰይ! ይበለው!

መካከለኛው ራስል ግን እዚያው ግድግዳው ውስጥ ነበር፤ በግራ ዳር፣ የወርዋሪውን ጀርባ የሚጠብቅ። አንድ ወግ አላቸው፤ በገና ሰሞን ወርዋሪ ለግድግዳዎቹ ስጦታ ይሰጣል። ያን ዓመት ኮልቢ ለእያንዳንዳቸው በእግራቸው ልክ የተሰፋ ታኬታ ሰጥቷቸዋል። ለተባረረው ለኦቲስም፣ ከአባቱ ተደብቆ፣ ቤቱ ድረስ ወስዶለታል። ራስል በፍጻሜው ዕለት ያጠለቀው ያንኑ ታኬታ ነው። ሌላው ሲቀደድ የሱ በኩል አልተነቃነቀም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ግን እንዲህ ብሎ አሰበ። ሃርላን ቢሸነፍ ለከርሞ ሌላ ጨዋታ አለው፤ ሌላ ልጅ ግን የለውም። ኳሷ ስትነሳ ራስል ለእንግዳ በር እንደሚከፍት ሰው ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። የመጣው ሰው ኮልቢን ከኋላው አገኘው። ክንዱ ሲሰበር የሰሙ አሉ። ሃርላን ከላይ ሆኖ እንደ ሴት አልቃሽ ጮኸ፤ የራስል አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ኳሷ ከኮልቢ እጅ አምልጣ ከሆዱ ሥር ገባች። በነሱ ሕግ የወደቀችውን ኳስ ያነሳ ይወስዳታልና፣ ሁለቱም ወገን ልጁ ላይ ሊዘል ተንደረደረ። ትንሹ ኤልውድ ከግድግዳው መሃል ነበር። ቀድሞ ደርሶ በክርኑና በጉልበቱ ተደግፎ ኮልቢ ላይ እንደ ጣራ ተዘረጋ። ያ ሁሉ ሰው በሱ ጀርባ ላይ ተከመረ። የኤልውድ ጉልበት ተበጠሰ፤ ዳግመኛ አልተጫወተም።

ፊሽካ ተነፋ፣ የተከመረው ተነሳ። ኤልውድ ብቻ አልተነሳም። ሃርላን ሐኪም አስከትሎ እየሮጠ መጣ።

«ተነሳለት! ልጄን አፈንከው!»

ኤልውድ ቀና ብሎ አየው። «ግድግዳ ይነሳል እንዴ?»

ወይ ጉድ! ኮልቢ ከሥር ያቃስታል። ሐኪሙ ኤልውድን ሊገፋው ሞከረ፤ ኦቲስ ያስተማረውን ገላ ማን ይገፋዋል? እነሱ ዘንድ ዳኛው ደረቱ ላይ ማይክ አለው፤ የተናገረው በስታዲየሙ ሁሉ ይሰማል።

«በዚያ ማይክ የአባቴን ስም ጥራ» አለ ኤልውድ። «ምን እንዳልከው ተናገር። ያኔ እነሳለሁ።»

ሃርላን መጀመሪያ ተሳደበ፣ ከዚያ ለመነ፣ በመጨረሻ ዳኛው እግር ሥር ተንበረከከ። «ኦቲስን ግድግዳ ይማራል እንዴ ብዬ አዋርጄዋለሁ። ልጄን የጣልኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበለኝ» አለ። አገር ሰማ፤ በቴሌቪዥንም ተላለፈ። ኤልውድ ተንከባልሎ ወረደለት። ሐኪሙ በኋላ ምን አለ መሰላችሁ? ክንዱ ቶሎ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ልጁ ዳግመኛ ይወረውር ነበር አለ።

ሦስቱ ቤት ሲደርሱ አባታቸው አርፏል። ኦቲስ አልጋው ላይ ሆኖ በቴሌቪዥን ሲያይ፣ ሎሬታ ሾርባ ልታሞቅለት ወጥታ ጨዋታውን ከኩሽና ሆና በጩኸት ብቻ ነበር የሰማችው። ስትመለስ ኦቲስ አውልቆት የማያውቀውን ቀለበት አውልቆ በመዳፉ ይዞታል፤ ጉንጩ በእንባ ርሷል። ሕዝቡ ስሙን ሲጠራ ነው ያወለቀው? ኮልቢ ሲወድቅ? ወይስ ሃርላን ሲንበረከክ? እሷ አላየችም።

«ስሙን አገር ያስጠራሁት እኔ ነኝ፤ እነዚያን ጎረምሶች ባላስተምር ማንም አያስታውሰውም ነበር» አለ ዴልማር።

«ሃርላን ያለቀሰው የአባታችን ስም ሲጠራ ስለሰማ ነው እንዴ? በልጁ በኩል ልቡን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ ራስል።

«እናንተ አስለቀሳችሁት እንጂ ይቅርታ አላስጠየቃችሁትም። እኔ ጉልበቴን ከፍዬ አስጠየቅሁት» አለ ኤልውድ።

«ዝም በሉ!» አለች ሎሬታ። «አስከሬኑ ፊት!»

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ቆሞ የነበረው ኮልቢ ነው፤ ክንዱ በጨርቅ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«እማማ፣ ለኦቲስ ላለቅስ ነው የመጣሁት» አለ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ራስል ያን ታኬታ ያላወለቀ እግሩን ከወንበሩ ሥር ደበቀ። ሎሬታ ቀለበቱን በእጇ ይዛ ሦስቱን ልጆቿን አየች፤ በር ላይ የቆመውንም ልጅ አየች። ኦቲስ ያለው «ደሜን ለመለሰልኝ» ነው፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልተወም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ሎሬታን ብትሆኑ ቀለበቱን ለማን ትሰጡት ነበር?