በአረቄ ጠርሙስ የተቀመጠው አሲድ

አንድ የመኪና ባትሪ የሚያድስ ሰው ነበረ። ከአሮጌ ባትሪ የቀዳውን አሲድ ጎረቤቶቹን ፈርቶ ሜዳ ላይ አይደፋውም፤ ባገኘው የአረቄ ጠርሙስ እየሞላ ጓዳ ይደረድረዋል። ሚስቱ «ኧረ ምልክት አድርግበት» ስትለው ይስቃል። «የማያውቀው ማን አለ? ድመቷ እንኳ አትጠጋውም» ይላታል። እውነቱን ነው፤ ቤተኛው ሁሉ ያውቅ ነበር።

አንድ እሑድ ሴት ልጁን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች መጡ። ሰውየው ደስታው አላስቀምጥ አለው፤ ለወጉ ያህል ጥቂት አንገራግሮ ልጁን ፈቀደ። እልል ተባለ። ለዚሁ ቀን ከገጠር የመጣች እኅቱ «ለሽማግሌዎቹ የሚቀመስ ይምጣ» ሲባል ጓዳ ገብታ አንዱን ጠርሙስ ይዛ ወጣች።

ሰውየው ጠርሙሱን ሲያይ ከተቀመጠበት ተነሣ። እኅቱ ግን ወግ አዋቂ ናት፤ ለእንግዳ ከመቅዳቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ልትቀምስ ወደ አፏ አነሳች። ያኔ ዘሎ እጇን ያዘ፤ እየጎተተ ወስዶም ውኃ ሲያፈስባት ቆየ። መዳፏ ቀላ እንጂ አፏን አልነካትም።

«ልጄን አልሰጥም ብሎ ሽማግሌ የሚመልስ አይተናል» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ሰጥቶ በአሲድ የሚሸኝ ግን... ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እውነተኛው አረቄ መጣ፤ እኅቱ እሱንም አስቀድማ አሸተተችው።

ሰውየውም አብሮ ሳቀ። በማግስቱ አሲዱን ሁሉ ወደ ጄሪካን ገልብጦ ቆለፈበት፤ ላዩ ላይም በትልቁ «አሲድ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ እኅቱ ፊደል እንዳልቆጠረች ትዝ አለውና በቀይ ቀለም የራስ ቅል ሳለበት። እሷም አይታ «ይሄስ ያስፈራል፤ አንተን ይመስላል» አለችው።

ልጄ፣ አንተ ትናንት በሥራ ቦታችን «ሁላችንም የምናውቀውን መርዝ ለማን ብለን ነው ምልክት የምናደርግበት?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ለአንተ አይደለም። ነገ ለሚቀጠረው፣ ወለሉን ለምትጠርገው፣ የመርዙን ዝቃጭ ጭኖ ለሚሄደው ሰው ነው። ያቺ ሴት ለእንግዳዋ አስቀድማ መዳፏን ሰጠች። አንተም ምልክት ስታደርግ ለማታውቀው ሰው አስቀድመህ እየቀመስህለት ነው፤ ያውም መዳፍህ ሳይቃጠል።