የፊታውራሪ ውድ ቤንዚን

ፊታውራሪ ጓንጉል ነገር ሁሉ ውድ ካልሆነ የማይጥማቸው ሰው ነበሩ። አዲስ ፒካፕ የገዙ ዕለት ሹፌራቸውን ጠርተው ከውዱ ቤንዚን በቀር እንዳይቀዳላት አዘዙት።

«ጌታዬ፣ ለዚችስ ተራው ይበቃታል» ቢላቸው፣ «አንተ ስለ ጥሩ ነገር ምን ታውቃለህ? ጥሩ የበላ ቶሎ አይርበውም። ውዱን ከጠጣች በትንሽ ቤንዚን ብዙ መንገድ ትሄዳለች» ብለው ዝም አሰኙት።

አንድ ቀን ዘመድ አዝማድ ከኋላ አሳፍረው ሩቅ አገር ሠርግ ሊሄዱ ሆነ። ጠዋት ፊታውራሪ ክትፎ በቅቤ አጣጣሙ፤ ሹፌሩ እፍኝ ቆሎ ቆረጠመና ተነሡ። ገና ፀሐይዋ ሳትበረታ ፊታውራሪ «ምሳ የምንበላው የት ነው?» እያሉ ይነዘንዙት ጀመር።

አንድ ዳገት ወገብ ላይ ሲደርሱ ፒካፗ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለና ቆመች። ቤንዚኗ አልቋል።

ፊታውራሪ ወርደው ዘመዶቻቸው ሁሉ እየሰሙ አፋጠጡት።

«ውድ ቤንዚን እንዲህ ቶሎ አያልቅም። ወይ አንተ ሰርቀኸዋል፣ ወይ እኔ ሞኝ ነኝ። የቱ ነው?»

ሹፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ጠዋት እርስዎ ክትፎ፣ እኔ ቆሎ በልተን ተነሣን። ምሳ ምሳ ሲሉ የመጡት ግን እርስዎ ነዎት። ታዲያ ያንን ክትፎ ማን ሰረቀብዎት?»