በመዘውሯ የቀናው እጀታ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ጆሮ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። ተረቴ ከሩቅ ዘመን ይነሣል፤ መንገዱ ግን በየቤታችን ያልፋል።

ብረት አንደበት በነበረው፣ ሰውም ብረት ሲናገር በማይደነግጥበት በዚያ ዘመን፣ በአንዲት የቆላ ከተማ አቶ ጌጤነህ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በቤታቸው ሁለት የተከበሩ ዕቃዎች ነበሩ። አንደኛዋ በመስኮቱ ሥር የተቀመጠችው የስፌት መኪና ናት። ሁለተኛዋ ከአባታቸው የወረሷት፣ መለከቷ እንደ ዱባ አበባ የተከፈተው ሸክላ ማጫወቻ ናት። የስፌት መኪናዋ የምትሰፋው በእጀታ ነበር፤ ሸክላ ማጫወቻዋ የምታዜመው በመዘውር ነበር። እጀታው ሲዞር መርፌ ይወርዳል፣ ጨርቅ ይጋጠማል። መዘውሯ ስትዞር በሳጥኑ ሆድ ውስጥ ያለው ሞላ ይጠመጠማል፣ ሸክላውም ይዘፍናል።

እጀታውም መዘውሯም ብረት ነበሩ። ሁለቱም ከእንጨት የተሠራ መጨበጫ ነበራቸው። ሁለቱንም የሚያዞራቸው አንድ እጅ ነበር። ቅናትም ከዚህ ተወለደ፤ ቅናት ከሩቅ አገር አይመጣምና።

አቶ ጌጤነህ ክር በመርፌ ሲያስገቡ ጣታቸውን ይልሳሉ፤ በዚያው በራሰ ጣት እጀታውን ይጨብጣሉ። ሲመሽ ግን የስፌት መኪናዋን በአሮጌ ጨርቅ ይሸፍኑና፣ እጃቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት መዘውሯን ያዞራሉ።

«አየህ አይደል?» ይላል እጀታው አጠገቡ ለሚውለው መቀስ። «እሷን ለመንካት እጃቸውን ጠረጉ!»

«አየሁ» ይላል መቀሱ።

«እኔን ግን በምራቅ!»

«ምራቅ ይደርቃል። የማይደርቀው ያንተ ቅናት ነው።»

«ከማለዳ ጀምሬ ስዞር ውዬ "እሰይ" ያለኝ አለ? እሷ ጥቂት ትዞርና ቤቱ በእልልታ ይሞላል።»

«አንተም የሰውን ሁሉ ካባ እየሰፋህ ካባ አማረህ» ይለውና መቀሱ አፉን ይገጥማል።

በዚያ ቤት አንድ ልማድ ነበረ። የቤቱ ታላቅ ሳይመርቅ ሙሽራ ደጃፍ አትሻገርም። የአቶ ጌጤነህ አባት ይህን ያውቁ ነበርና፣ ከመሞታቸው አስቀድሞ ምርቃታቸውን በአንዲት ሸክላ ላይ አስቀረጹ። ከዚያ ወዲህ በቤተሰቡ ልጅ በተዳረ ቁጥር ሸክላዋ ትወጣለች፤ ሙሽራዋ ትንበረከካለች፤ ሽማግሌው ከመለከቱ ውስጥ ይመርቃሉ፤ ቤቱም «አሜን» ይላል። አሁን ተራው የልጃቸው የታንጉት ነበር። ሠርጓ ተቃርቧል፤ ቀሚሷም በስፌት መኪናዋ ላይ ተጀምሯል።

ታዲያ በዚያው ሰሞን የመዘውሯ አንገት ተሰነጠቀ። የጫፏ ጥርስም ከዕድሜ ብዛት አልቆ፣ ሙልጭ ብሎ እንደ ድድ ሆኖ ተገኘ። አቶ ጌጤነህ አዝነው በስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ፣ ከእጀታው አጠገብ አስተኟት። እሷም በደከመ ድምፅ ተናገረች።

«ወንድሜ እጀታ፣ እኔስ በቃኝ። ሸክላ ማጫወቻዋ ሞላዋ ካልተጠመጠመ አንደበት የላትም፤ የሚያስፈልጋትን ራሷ መናገር አትችልም። እኔ ለአንተ ልንገርህ፣ አንተ ለጌቶች ንገርልኝ። ተተኪዬ ጥርሷ ወደ ቀኝ የሚነክስ ትሁን። ክንዷ ከሳጥኑ ከንፈር አልፎ የሚዞር ይሁን። ሞላው ሲጠግብም የሚያዞራት ሰው ያቁም፤ በጠገበ ሞላ ላይ መጨመር መግደል ነው።»

«እነግርልሻለሁ» አለ እጀታው።

«ባለውለታዬ ነህ» አለች፤ ከዚያ በኋላም ድምፅዋ አልተሰማም።

እጀታው ግን አልተናገረም። «ለምን ብዬ?» አለ በልቡ። «እሷ ሄዳ ሌላ እሷ ብትመጣ፣ ለእኔ ምን ተለወጠ? ይልቅስ ቦታው ባዶ ነው። ባዶ ቦታ ደግሞ ባለቤት ይሻል።»

አቶ ጌጤነህ ጠንቅቀው የሚያውቁት አንድ ጥበብ ነበር፤ እርሱም ልኬት ነው። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና የሳጥኑን ቀዳዳ እንደ አንገትጌ ለኩት፤ የሞተችውን መዘውር እንደ እጅጌ ለኳት። የብሎን ጥርስ ወደየት እንደሚነክስ ግን ሜትር አይናገርም።

«ርዝመቱ ተገኘ፤ ውፍረቱ ተገኘ። ታዲያ ምን ቀረ?» አሉ በኩራት።

«መዘውሩ ነዋ የቀረው!» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ እንጉዳይ።

መጀመሪያ የጭነት መኪና ማስነሻ ብረት ከአንድ ሾፌር ተለምኖ መጣ። ማስነሻው ረጅም፣ ወፍራም፣ በግራሶ የተለቀለቀ ጉረኛ ነበር። «እኔ የጭነት መኪና ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ዳገት የማስወጣ ነኝ!» አለ። «ይቺማ ምን አላት፣ ዘፈን የለመደች ሳጥን!» ጫፉን ወደ ቀዳዳው ቢያስጠጉት አፍንጫው እንኳ አልገባም።

«በሩ ጠቧል» አለ ማስነሻው።

«አንተ ወፈርክ እንጂ በሩስ እንደ ድሮው ነው» አሉት ወይዘሮ እንጉዳይ። እጀታው በጨርቁ ሥር ሆኖ ሳቀ።

ቀጥሎ ከሆቴል ቤት የሥጋ መፍጫ ክንድ ተዋሱ። እርሱ ቀጭን፣ ቸኳይ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት ነበር። ገባ፤ ዞረ፤ ደግሞ ዞረ፤ ሞላው ግን አልሰማውም።

«ዞርኩ እኮ!» አለ እያለከለከ።

«ዞርክ፤ ብቻህን» አሉት ወይዘሮ እንጉዳይ። እጀታው አሁንም ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላሳረፈውም። ያን ባዶ ቀዳዳ ባየው ቁጥር ይጎመጅ ነበር።

በመጨረሻም ጨርቁን ከላዩ ገፍፎ ተናገረ። «ጌታዬ፣ እኔ በቤትዎ እያለሁ ደጅ ለደጅ ምን ያንከራትትዎታል? እጅዎን የማውቅ እኔ፣ ልማድዎን የማውቅ እኔ!»

«ቀሚሱስ?» አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ። «የልጅቷ እጅጌ ገና አልገባም እኮ!»

«ለሙከራ ነው እንጉዳይ፤ ወዲያው እንመልሰዋለን» አሉ አቶ ጌጤነህ።

መቀሱ ወደ እጀታው ዘንበል አለ። «ስማ፣ ያቺ ምስኪን ስትሞት በጆሮህ ያንሾካሾከችው ምን ነበር?»

«ጸሎት ነው» አለ እጀታው።

አቶ ጌጤነህ እጀታውን ከስፌት መኪናዋ ፈቱት። ለቀዳዳው ትንሽ ቀጠን ብሎ አገኙት። ይህ ለልብስ ሰፊ ምን ችግር አለው? የሰፋ ትከሻ በገበር እንደሚሞላ፣ እርሳቸውም ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልለውበት ወደ ቀዳዳው ሰገሰጉት። ከዚያ እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። እጀታው ይህን ሲያይ ለመቀሱ «አየህ አይደል?» አለው። ጎረቤት ተጠራ፤ የምርቃቱ ሸክላ ተጫነች፤ ታንጉት ለልምምድ ያህል ተንበረከከች።

እጀታው ዞረ። ጨርቁ ጨምድዶ ያዘው፤ ሞላውም በግድ ተጠመጠመ። መለከቱም «ልጄ ሆይ፣ እንደ አብርሃም እንደ ሣራ…» ብሎ ጀመረ።

«እኔ ነኝ!» አለ እጀታው። «ሽማግሌውን ያናገርኩት እኔ ነኝ!»

የእጀታው ጥርስ ግን ወደ ግራ የሚነክስ ነበር። ወደ ቀኝ ባዞሩት መጠን ይላላል። ጨርቁ ተንሸራተተ፤ የታፈነው ሞላ ተስፈነጠረ፤ እጀታው ከቀዳዳው ተፈናጥሮ ከግድግዳው ጋር ተላተመና የእንጨት መጨበጫው ተሰነጠቀ። የሽማግሌውም ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ፣ እንደ ተቆጣ ወይፈን አጉረምርሞ ዝም አለ።

«ኧረ አባባ ተቆጡ!» አለች አንዲት ጎረቤት።

«ምርቃቱ ወደ እርግማን ዞረ!» አለች ሌላዋ።

ወይዘሮ እንጉዳይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ጋብቻውን አልወደዱትም ማለት ነው።»

የአቶ ጌጤነህ ፊት አመድ መሰለ። «ሙት ያልባረከውን ማን ይባርከዋል? ለሙሽራው ወገን ሽማግሌ ይላክ፤ ሠርጉ ይቅር» አሉ።

ጎረቤቱ አንድ በአንድ ወጣ። እጀታው መሬት ላይ ወድቆ ሁሉን ሰማ። ዝም ቢል ሸክላ ማጫወቻዋ ከእንግዲህ አትከፈትም፤ የሚቀናበትም አይኖርም። ሲመኘው የኖረው ይህ አልነበረምን?

ታንጉት እያለቀሰች መጣችና አነሣችው። አቧራውን ተመለከተች። የራሷን መሐረብ አውጥታ፣ የተሰነጠቀውን እንጨት ቀስ ብላ፣ ዙሪያውን ጠረገችው። «አንተስ ምን አደረግህ» አለችው። «ተጎዳህ እንጂ።»

እጀታው ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ይህንኑ መሐረብ ነበር። አሁን ሲነካው እንደ እሳት ፈጀው።

«አልበደልክም አትበዪኝ!» ብሎ ጮኸ። «አባባ አልተቆጡም። ሟቿ መዘውር አደራ ብላኝ ነበር፤ አደራዋን በላሁ። ተተኪዬ ጥርሷ ወደ ቀኝ የሚነክስ ትሁን ብላኝ ነበር፤ የእኔ ግን ወደ ግራ ነው። አያትሽን ያስጉረመረማቸው የእኔ ቅናት ነው።»

አቶ ጌጤነህ ዘለው ተነሡ። «አንተ ዝገታም! ልጄን ልታስቀርብኝ!»

«ቆይ እስኪ፣ ይጨርስ!» አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ። «ወደ ቀኝ ነው ያልከው? ሌላስ ምን አለችህ?»

እጀታው የሟቿን ቃል አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ይህን ሁሉ በደጅ ዱቄት ተጭና የቆመች የባለወፍጮው አህያ ትሰማ ነበር። አንገቷን በመስኮቱ አስገባች።

«ሰው ለአህያ ምክር አይጠይቅም» አለች፤ «ሳልጠየቅ ልናገር። የወፍጮ ቤታችን በር የሚቀረቀርባት ቆልማማ ብረት አለች። ባለወፍጮው ወደ ቀኝ ሲያጠብቋት ትነክሳለች፤ ወደ ግራ ሲፈቷት ትለቃለች። ነፋስ ሲመታት ደግሞ ታንጎራጉራለች። መቀርቀሪያ ሲያንጎራጉር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

አቶ ጌጤነህ እጀታውን በኪሳቸው ይዘው ወደ ወፍጮ ቤት ሄዱ። የሟቿን ምልክት ከአፏ የሰማ እርሱ ብቻ ነበርና። ብረቷ በዱቄት ነጥታ በበሩ ላይ ተጋድማ ነበር።

«ጥርስሽን አሳዪኝ» አላት እጀታው። ወደ ቀኝ የሚነክስ ሆነ።

«ክንድሽን አሳዪኝ» አላት። የሳጥን ከንፈር ለማለፍ የሚበቃ ሆነ።

«ሞላ ሲጠግብ ታውቂያለሽ?»

«ሞላ!» አለች፤ ዱቄቱ ከላይዋ ረገፈ። «ይህን ስም ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! ሳጥኔ በእሳት ነደደ፤ እኔን እዚህ በር ላይ ጣሉኝ። ያኔ ስዞር ሰው ሁሉ ይነሣ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያጨበጭብልኝ ነበር…»

እጀታው ይህን ሲሰማ ያ የድሮው ቅናት እንደገና ተነሣበት። «አይደለችም» ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። አቶ ጌጤነህ ጎንበስ ብለው «እህ? ናት?» አሉት። የእጀታው ቃል እንደ ዛገ ብሎን እየተንጫረረ ወጣ።

«እሷ ናት።»

«በሬንስ በምን ልዝጋው?» አሉ ባለወፍጮው። «ልብስ ሰፊ ነህ፤ እንግዲህ ስፋው!» ተሳሳቁ፤ አቶ ጌጤነህም ጠንካራ የወይራ መቀርቀሪያ ጠርበው ተኩላቸው።

እጀታው ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰ፤ ቀሚሱም አለቀ። የሠርጉም ቀን ደረሰ። አዲሲቱ መዘውር ዞረች፤ ሞላው ሲጠግብ አቶ ጌጤነህ አቆሙ። ሽማግሌውም ከመለከቱ ውስጥ በጠራ ድምፅ መረቁ፤ ቤቱ «አሜን፣ አሜን» አለ፤ እልልታው ቀለጠ። እጀታው ከአሮጌው ጨርቅ ሥር ሆኖ ሰማ። አልዋሽላችሁም፤ ቅናቱ አልተወውም ነበር።

ታንጉት ከተንበረከከችበት ስትነሣ ግን ከሚዜዎቹ አንዱ የቀሚሷን ጫፍ በጫማው ረግጦ ኖሮ፣ ስፌቱ ከወገቧ ጀምሮ ተረተረ። «ዋይ!» አለች። ሙሽራ በተቀደደ ቀሚስ ከደጃፍ አትወጣም። ወይዘሮ እንጉዳይ ልጃቸውን ወደ መስኮቱ ሥር ጎተቷት፤ አቶ ጌጤነህ ጨርቁን ገፍፈው ጣታቸውን ላሱ። ሙሽራው ቆመ፤ ሚዜዎቹ ቆሙ፤ አጃቢው ሁሉ ሸክላ ማጫወቻዋን ትቶ በስፌት መኪናዋ ዙሪያ አንገቱን አሰገገ።

ያን ጊዜ ከወዲያ ጥግ አዲሲቱ መዘውር ስታጉረመርም ተሰማች። «አሁን የመረቅናት እኛ፣ ያስደሰትናቸው እኛ፤ ሁሉም ጥሎን ወደዚያ ሄደ! ምን ቢኖረው ነው ያ እጀታ?»

እጀታው ድምፁን አወቀው፤ ቁርጥ የራሱ የድሮ ድምፅ ነበር። መቀሱም «ሰማህ?» አለው።

እጀታው ግን ሥራ ላይ ነበር።

እናንተ የሰማችሁ፣ ተረቴን ወደየቤታችሁ ይዛችሁ ግቡ፤ እኔ ዝም ልበል። በራሱ ዙር የጸና ብረት አይዝግም፤ በሌላው ዙር የጎመጀ ግን ጥርሱ ያልቃል።